ወይራ አምባ ሚካኤል በራሱ አልፈረሰም

ባለፈው ሳምንት ሁለት እንግዶች ደብረ ታቦር ካለው ቤቴ መጡ። አንደኛው ጢማቸው ገና በቅጡ ያልሞላ ወጣት ቄስ ናቸው። ሌላው ጠና ያለ ገበሬ ሲሆን፣ የደብሩ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ መሆኑን ነገረኝ። የመጡት ከገሳይ ወዲያ ካለ አንድ ደብር ነው። መንገዱ ያን ሰሞን ክፍት ስለነበር በጠዋት ተነሥተው በአይሱዙ ተጭነው ነው የደረሱት፤ ጋቢያቸው አቧራ ለብሶ ነበር። ጠላ ቀዳሁላቸው፤ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረብሁ። ስለ ገብሱ አጨዳና ዘንድሮ ስለከፋው ውርጭ ስናወራ ቆየንና፣ ሰብሳቢው ከያዘው ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ ትልቅ የፕላስቲክ ሥዕል አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋው።

ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉልላቱ ብዙ ነው፤ ቀለሙ ቀይና ቢጫ፣ መስኮቱ ሁሉ መስተዋት። ዙሪያውን እኛ አገር የማይበቅል ዛፍ ተስሎበታል።

"መምህርት፣ የአገር ልጅ ስለሆኑ ነው የመጣን" አለኝ ሰብሳቢው። "ይኸውልዎ፣ ልንሠራው ያሰብነው ይህን ነው።"

"አሁን ያለውስ?" አልሁት።

"እሱማ ክብ የሣር ቤት ነው። አርጅቷል። ይፈርሳል።"

ቄሱ ደግሞ ነገሩን ሊያግዙት ብለው፣ "እንደ ወይራ አምባ ሚካኤል በራሱ ወድቆ ሰው ከሚጎዳ፣ ቀድመን ብናፈርሰው ይሻላል ብለን ነው" አሉ።

የያዝሁትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጥሁት።

"አባ፣ ወይራ አምባ ሚካኤል በራሱ ወደቀ ብሎ የነገረዎት ማነው?"

"እንዲያው ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚለው" አሉ ግራ ገብቷቸው።

ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚለው። ይህን አውቃለሁ። ሲሉ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። እኔ ግን እዚያው ነበርሁ። ያ ቤት በራሱ አልወደቀም። ጎልማሶች በድጅኖ፣ በሬዎች በገመድ፣ ስንት ቀን ሲታገሉት ሰንብተው ነው የጣሉት። ለእንግዶቼ የነገርኋቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ወይራ አምባ የተወለድሁበት ደብር ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ሲሄዱ፣ በስተቀኝ ከፍ ብሎ የሚታይ ኮረብታ አለ። ሚካኤል እዚያ ላይ ነበር፤ ዙሪያውን ጥድና ወይራ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አንድ ትልቅ ዋንዛ። መቼ እንደተሠራ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ጋፋት ላይ መድፍ በሚቀልጥበት ዘመን የቆመ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ከዚያም ይቀድማል የሚሉ ነበሩ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር ነው፤ ያሠራው ንጉሥም ባላባትም አይደለም። የሠሩት ጎጦቹ ናቸው። እያንዳንዱ ጎጥ አንድ አንድ የጥድ ምሰሶ ከጫካ ቆርጦ፣ በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶ አቆመ። ስለዚህ ምሰሶዎቹ ስም ነበራቸው። የላይ ቤቶች ምሰሶ፣ የወንዝ ማዶ ምሰሶ፣ የሸክላ ሠሪዎች ምሰሶ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰዉ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ማዕድ አይቆርስም፤ ልጁንም አይድርላቸውም። ምሰሷቸው ግን ከሌሎቹ እኩል ቆማ ጣራ ትሸከማለች። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ይገርመኝ ነበር። አሁንም ይገርመኛል።

ቤቱ ክብ ነበር። የውጭው ግድግዳ ድንጋይና ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ነው፤ ከውፍረቱ የተነሣ ዝናብ ሲመጣ ሰው በሩ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሞ ይጠለል ነበር። እንደገቡ ካህናቱ የሚያሸበሽቡበትን ቅኔ ማኅሌት ያገኛሉ። ቀጥሎ ሕዝቡ የሚቆርብበት ቅድስት ነው። መሐል ላይ ታቦቱ ያለበት መቅደስ አለ፤ እሱ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከሌላው ሁሉ ከፍ ብሎ የጣራውን መካከል ይይዛል፤ ከዚያ ላይ ወራጆቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ በየአቅጣጫው ይወርዳሉ። ሚስማር የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ማሰሪያው ሁሉ ጠፍር ነው። በሮቹ ከዋንዛ ግንድ በመጥረቢያ የተጠረቡ ወጥ ሳንቃዎች ናቸው። በሐምሌ በረዶ ሲወርድ ሣሩ ድምፁን ይውጠዋል፤ ውስጥ የቆመ ሰው ቄሱ ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማል።

የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እኛ ሴቶች በደቡብ በር እየገባን እዚያው በኩል ስለምንቆም፣ የምናውቀው የደቡቡን ግድግዳ ብቻ ነው፤ የእመቤታችን ተአምራት ያሉበትን። የሰሜኑ የወንዶች ነው። እዚያ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት እንዳሉ እንሰማለን እንጂ አይተናቸው አናውቅም። አባቴን፣ "አባባ፣ የጊዮርጊስ ፈረስ ምን ይመስላል?" ብዬ እጠይቃቸው ነበር። "ነጭ ነው። ዓይኑ እንደ ሰው ዓይን ነው" ይሉኛል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ያን ፈረስ በሐሳቤ እሥለው ነበር።

አባቴ የሚካኤል ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት፣ የጣራው ነገር፣ የበሩ ቁልፍ ሁሉ በሳቸው እጅ ነው። ጣራው ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ ያረጃል። በየጥቂት ዓመቱ ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ፣ ጥምቀት ሲያልፍ፣ ደብሩ በሙሉ ለክዳን ይወጣል። ጣራውም እንደ ምሰሶዎቹ በጎጥ የተከፋፈለ ነበር። የላይ ቤቶች ድርሻ ቢያፈስ የሚያፍሩት የላይ ቤቶች ናቸው። ወንዶቹ ጣራ ላይ ሆነው ያዜማሉ፤ እኛ ጠላ በገንቦ፣ የገብስ ዳቦ በሞሰብ፣ የአተር ክክ ወጥ በድስት ተሸክመን ኮረብታውን እንወጣለን። የአዲስ ሣር ሽታ ልብሳችን ላይ ሰንብቶ ነው የሚለቅ።

ኋላ ላይ ሣሩ ጠፋ። የጋራ ግጦሽ የነበረው ሜዳ ሁሉ ታረሰ። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ጣራ ላይ የሚወጣ ጎልማሳ አልነበረም። ደርግ ወድቆ ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የወንዝ ማዶ ድርሻ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ጥሪ እየጠበቅሁ እናቴን አግዝ ነበር።

ምንይችል የመጣው በዚያ ኅዳር ነው። ምንይችል የደብራችን ልጅ ነው፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄዶ በጭነት መኪና ሥራ ከብሯል። ወግ ቢሆን አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልልም። በነጭ መኪና እስከ ኮረብታው ሥር መጣ። አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዋንዛው ሥር እንዲሰበሰብ አደረገ። አጥር ግቢውን ገርመም ገርመም እያደረገ፣ አሮጌው ቤት በስብሶ ማለቁን፣ ሲሚንቶውንም ቆርቆሮውንም ራሱ እንደሚያመጣ፣ በዚህ ቦታ ላይ ከሩቅ የሚያበራ ዘመናዊ ሕንፃ እንደሚያቆም ተናገረ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም መጀመሪያ እልል ብያለሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ታከለ ተነሡና፣ "እግዜር ይስጥልን ልጃችን። እንዲያው አሮጌው ይቆይና አዲሱ በምሥራቅ በኩል ከጎኑ ቢሠራስ? ሜዳው ሰፊ ነው" አሉ።

"አይሆንም" አለ ምንይችል። "ከመኪናው መንገድ የሚታየው ይኸኛው ቦታ ነው። እኔ ሕንፃ ሠርቼ አሮጌ ጎጆ ከጎኑ እንዲቆምብኝ አልፈልግም። ካልተስማማችሁ ቆርቆሮውን ለሌላ ደብር እሰጠዋለሁ።"

አያ ታከለ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ሴት፣ ያውም ያላገባች ልጅ፣ በዚያ ጉባኤ ላይ ተናግራ አታውቅም።

"አንድ ነገር ልጠይቅ" አልሁ። "የሚያፈሰው የወንዝ ማዶ ድርሻ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ከተገኘ ለምን በዚሁ ግድግዳ ላይ አይለብስም? ግድግዳው ምን አጠፋ?"

ምንይችል ሳቀ። "ይቺ የማን ልጅ ናት?"

"የኔ ናት" አሉ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። "ስንዱ፣ ተቀመጪ።"

"አባባ፣ መልስ አልሰጡኝም እኮ..."

"ተቀመጪ አልሁሽ።"

ተቀመጥሁ። ነገሩ በጭብጨባ አለቀ። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲበተን ከፊቴ የሚሄዱት ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ የኔን ስም ያነሡ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ቀድማኝ እቤት ገባች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴን ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። "አባባ፣ ግድግዳው ደኅና መሆኑን አንቱም ያውቃሉ" አልኋቸው።

ወዲያው አልተቆጡም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ "አንች ጣራውን ለምነሽ አታውቂም" አሉኝ። "እኔ ግን በየዓመቱ ጎጥ ለጎጥ እየዞርሁ ሣር እለምናለሁ። ዘንድሮ ወንዝ ማዶዎች 'ለከብቶቻችንስ መቼ በቃን' ብለው መለሱኝ። መንበሩ ላይ ዝናብ ሲንጠባጠብ አይተሻል? እኔ አይቻለሁ። ሌሊት ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ደከመኝ፣ ልጄ።"

የተናገሩት እውነት ነበር፤ ዛሬም አልክደውም። ሣሩ ጠፍቶ ነበር፤ ሰውየውም ደክመው ነበር። ቢሆንም ይህ ሁሉ የጣራው ጣጣ ነው። ለግድግዳው፣ ለምሰሶው፣ ለሥዕሉ መልስ አይሆንም። "ታዲያ ጣራውን ብቻ ይሥራልን" አልኋቸው። ያኔ ነው የተቆጡት። "ሰጪው እሱ ነው! እንደፈለገ ይሰጣል" አሉና ተነሥተው ገቡ።

ታቦቱ ከጥምቀት በኋላ በዝማሬ ወጥቶ ለጊዜው ወደተሠራችለት ትንሽ መቃኞ ገባ። ማፍረሱ በማግሥቱ ተጀመረ። ምንይችል የላከው አንድ ፎርማን ነበር፤ ሁልጊዜ ቸኩሎ የሚውል፣ ሰው ሁሉ ሰነፍ የሚመስለው ሰው። ሣሩ በአንድ ቀን ወረደ። ወራጆቹ ቀጠሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተለወጠ። ድጅኖው እየነጠረ ተመለሰ። ያ ጭቃ በስንት ዘመን ደርቆ ደርቆ ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኗል። ጎልማሶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሲመቱ ውለው ማታ ሲሄዱ፣ የፈረሰው ከአንድ በር አይበልጥም ነበር። ፎርማኑ ይሳደባል። እኔ ውኃ ለማቀበል ወጥቼ ይህን ሳይ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

ለምሰሶዎቹ በሬዎች አመጡ። የሸክላ ሠሪዎች ምሰሶ ላይ ገመድ አሥረው በጅራፍ ሲነዱ፣ በሬዎቹ ጉልበታቸው እየተጠለፈ ወደቁ እንጂ ምሰሶዋ አልነቃነቅ አለች። ሥሯን ቆፍረው ቆፍረው ነው የጣሏት። ስትወድቅ አንዱ ጎልማሳ በመጥረቢያ ፈለጣት። ውስጧ ቀይ ነው፤ የጥዱ ሽታ ትናንት እንደተቆረጠ ግቢውን ሞላው። በቅጥሩ ውስጥ በአንዲት ጎጆ የሚኖሩ እማሆይ አበዙ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። መጡና ከፍላጩ አንዱን አንሥተው አሸተቱት፤ ለፎርማኑም፣ ለአባቴም፣ ለቆመው ሰው ሁሉ እያዞሩ አሳዩ።

"በሰበሰ የተባለው ይኸ ነው?" አሉ።

አባቴ ፊታቸውን አዞሩ።

የውጭው ግድግዳ ከወደቀ በኋላ መቅደሱ ብቻውን ፀሐይ ላይ ቆመ። የደቡቡንና የምሥራቁን ሥዕል በውኃ እያራሱ በቢላዋ እየላጡ ጠቅልለው አንሥተውታል። የሰሜኑ ገና ነበር። እኛ ሴቶች ምሳ ይዘን በዚያ በኩል ዞረን ስንመጣ ያ ግድግዳ ፊት ለፊታችን ቆሞ አገኘነው።

ያመጣነውን መሬት ላይ አስቀመጥን። ፈረሱ ነጭ ነበር። ዓይኑ በእውነት እንደ ሰው ዓይን ነው፤ አንገቱን መልሶ ወደ እኛ ያያል። ከጎኑ ቀይ ፈረስ፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር፣ ሁሉም ኮርቻቸው በአበባ ያጌጠ። ከታች በኩል ጥግ ላይ ሠዓሊው የደብሩን ሴቶች ሥሏቸዋል፤ ገንቦ ተሸክመው አቀበት ሲወጡ። እኛን። እኛ እዚያ ነበርን፤ የምንኖረው ግን እንድናየው ባልተፈቀደልን ግድግዳ ላይ ነው። እናቴ ቀርባ በጣቷ ነካቻቸው። ሽማግሌ ሴቶች ዓይናቸውን ጠራርገው ደግመው አዩ።

ፎርማኑ መጣና፣ "ዞር በሉ፤ ይኸኛው ዛሬ መውደቅ አለበት። ድንጋዩን የሚጭነው መኪና ነገ በጠዋት ነው የሚመጣ" አለ።

"ጨርቁን እስክናነሣው ታገሠን" አልሁት። "ሁላችንም እናግዛለን። ነገ እስከ ማታ ይበቃናል።"

"የለም። ከሌላው ግድግዳ የወጣው ይበቃል።"

ግድግዳው ሥር ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምሁ። ያሰብሁት ነገር አልነበረም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። እናቴ መጣችና አጠገቤ ቆመች። እማሆይ አበዙ መጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ፤ የሸክላ ሠሪ ሴቶች ሳይቀሩ ከሌሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ጎልማሶቹ ድጅኗቸውን አስደግፈው ይመለከቱን ጀመር። እናቶቻቸውና እኅቶቻቸው ነን፤ ማን ይነካናል? ፎርማኑ ጮኸ፣ ዛተ፤ በመጨረሻ አባቴን አስጠራ።

አባቴ ከመቃኞዋ በኩል መጡ። አዩን። ለጥቂት ጊዜ እሳቸውም ሥዕሉን ያዩ መሰለኝ። "ገበዝ፣ ሥራው ከቆመ ለጌታው መልእክት ልኬ ሰዎቹን ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ ያለ ጣራ ትቀራላችሁ" አላቸው ፎርማኑ። አባቴ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

"ከዚህ ግድግዳ ሥር የማትነሣ ሴት ውግዝ ትሁን" አሉ።

እናንተ ግዝት ምን እንደሆነ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኛ አገር ውግዝ የሆነ ሰው አይቆርብም፤ ሲሞት አይፈታም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የተነሣችው እናቴ ናት፤ አልወቅሳትም። ሌሎቹም ተከተሏት። እማሆይ አበዙ መጨረሻ ላይ፣ "ልጄ፣ እኔ ለመሞት የተቃረብሁ ነኝ፤ ግዝት ተሸክሜ አልሄድም" ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ቀረሁ።

"አንችም" አሉ አባቴ።

"እኔም ውግዝ ልሁን፣ አባባ።"

መጡና የእጄን አንጓ ያዙ። ጎትተው አወጡኝ። በሕይወቴ አንድም ቀን እጃቸውን አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን አንጓዬ ላይ የጣታቸው ምልክት ሰነበተ። ከኋላዬ ድጅኖው ሲመታ ሰማሁ። ያ ግድግዳም በቀላሉ አልወደቀም፤ ከዋንዛው ሥር ተቀምጬ ድምፁን ሰማሁ፣ ሰማሁ። በወደቀ ጊዜ ዘወር ብዬ አየሁ። ፍርስራሹ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ በየድንጋዩ መሐል ተቆራርጦ ነበር። አንድ ጎልማሳ በአካፋ እያፈሰ ወረወረው።

ያ ሳምንት ሳያልቅ አክስቴ ዘንድ ደብረ ታቦር ሄድሁ። ጥሪው ሲመጣም ከዚያው ወደ ማሠልጠኛው ገባሁ። የሆነውን ሁሉ በኋላ በኋላ ነው የሰማሁት። ከሌላው ግድግዳ የተነሣው ሥዕል "በደኅና ቦታ እንዲጠበቅ" ተብሎ በምንይችል መኪና ተጫነ። አባቴ በሄዱ በመጡ ሰዎች ሁሉ አስጠየቁት፤ "ጥሩ ቦታ ነው ያለው" የሚል መልስ ይመጣ ነበር። እስከ ዛሬ ያየው የለም። ያልተፈለጡት ምሰሶዎች እዚህ ደብረ ታቦር የአንድ ሆቴል በረንዳ ተሸካሚ ሆኑ። ብዙ ዓመት በዚያ ሳልፍ አያቸው ነበር፤ ሰዎች ቢራቸውን ይዘው ይደገፏቸዋል። የትኛው የየትኛው ጎጥ እንደሆነ የሚያውቅ ማንም የለም። ምንይችል ደግሞ ግድግዳው ግማሽ ሲደርስ ሥራ ጠፋብኝ ብሎ ቀረ። ታቦቱ በመቃኞዋ ውስጥ ስንት ክረምት አሳለፈ። ሕንፃውን የጨረሰው ሕዝቡ ነው፤ እህሉን እየሸጠ፣ በጉን እየሸጠ። ያ ሕዝብ ለሣር አቅም የለውም ተብሎ ነበር።

አስተማሪ ሆኜ ከተመደብሁ በኋላ በአንድ ሐምሌ ለዕረፍት ወይራ አምባ ሄድሁ። አዲሱን ቤተ ክርስቲያን ያየሁት ያኔ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ግድግዳው ስስ ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ። አባቴ በጣም አርጅተዋል። እሑድ ቅዳሴ ላይ ወንጌል ሲያነቡ በረዶ መጣ። በቆርቆሮው ላይ የወረደው ድምፅ ሌላ ነገር እንዲሰማ የሚተው አልነበረም። አባቴ መጀመሪያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ጮኹ። ከዚያ ዝም አሉ። አፋቸው እንደተከፈተ፣ ጣታቸው መስመሩ ላይ እንዳለ፣ በረዶው እስኪያባራ መጽሐፉ ፊት ቆመው ጠበቁ። ሕዝቡም ቆሞ ጠበቀ።

ቤት ስንመለስ ከአጥሩ ሥር ቆም አሉና፣ "ድሮ በረዶ ሲጥል..." ብለው ጀመሩ።

"ድሮ ምን ነበር፣ አባባ?" አልኋቸው።

"ምንም" አሉ። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰው ይህን ሲሰማ "አሳዘኑሽ?" ይለኛል። ማዘኑን አዝኛለሁ፤ አባቴ ናቸው። ግን ተቆጥቼም ነበር። ያን ዐረፍተ ነገር ጨርሰው ቢሆን ኖሮ፣ ከሕዝቡ ፊት ባይሆን ለኔ ብቻ ጨርሰውልኝ ቢሆን፣ ከልቤ አንድ ነገር ይነሣልኝ ነበር። ሳይጨርሱት ሞቱ። በቀብራቸው ዕለት ከሌላ ደብር የመጣ ሰባኪ ሕይወታቸውን ሲያወሳ፣ "በእርጅና ብዛት በራሱ የወደቀውን የቅዱስ ሚካኤልን ቤት መልሰው ያነሡ አባት" አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሰው መካከል በገዛ እጃቸው ድጅኖ የያዙ ነበሩ። "አልወደቀም" አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች አቀፉኝ። የሐዘን ቃል መሰላቸው።

ለእንግዶቼ ይህን ነግሬ ስጨርስ ጠላው ሳይነካ ቆሟል። ሰብሳቢው ሥዕሉን መልሶ መጠቅለል ጀመረ።

"ታዲያ ምን እናድርግ፣ መምህርት?" አለኝ፤ ተቆጥቶ አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። "ሣሩ እንደሁ የለም። ፕላኑም ጸድቋል።"

"ቆርቆሮ አልብሱት፤ እኔም አዋጣለሁ። አዲስ ካስፈለጋችሁም ከጎኑ ሥሩ። ግድግዳውን ግን አትንኩት። የምትነኩት ከሆነ ደግሞ አፈረስነው በሉ። ወደቀ ብላችሁ ለልጆቻችሁ አትንገሩ።"

ቄሱ እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። "የኛም የሰሜን ግድግዳ ላይ ሥዕል አለ" አሉ ቀስ ብለው።

"ሴቶቹ አይተውታል?"

"አላዩትም" አሉ።

ጓደኛቸው ገሳይ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሎ ስለነበር ተሰናብተውኝ ሄዱ። ምን እንደሚወስኑ አልነገሩኝም፤ ገና እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ነገር ስናገር የሚያውቁኝ ሰዎች "ስንዱ፣ አለፈ እኮ" ይሉኛል። ሰው ሲያረጅ ቁጣው ይበርድለታል ሲባልም እሰማለሁ። የኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም ለምኜ አላውቅም። ድህነት ቢሆን ኖሮ ያፈረሰው ዝም እል ነበር። ያፈረሰው ግን ችኮላና የአንድ ሰው ከመንገድ ላይ የመታየት ፍላጎት ነው፤ ያን ያህል ዘመን የቆመን ነገር ለማዳን አንድ ቀን ጨምሩልን ብለን ለምነን ተከለከልን። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ጥፋቱን በራሱ በቤቱ ላይ ጫኑት።

ወይራ አምባ አልፏል፤ ይሁን። ከገሳይ ወዲያ ያለው ግድግዳ ግን እኔ ይህን ስጽፍ እንደቆመ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አላቸው። እኔም እገኛለሁ።